ለዓመታት የቆመን አሮጌ መኪና በጥንቃቄ ወደ መንገድ ስለመመለስ

በጎንደር ከማራኪ እስከ አዘዞ ባሉ ግቢዎች ውስጥ፣ በሸራ ተሸፍነው ወይም በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠግተው ለዓመታት የቆሙ ቮልስዋገኖችን፣ ፊያቶችን፣ ፔጆዎችንና ቶዮታ ዲኤክሶችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ ባለቤቱ ውጭ አገር ሄዶ፣ ሌላው በውርስ ክርክር፣ ሌላው ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋና የነዳጅ እጥረት ባለቤቱን አስመርሮት የቆመ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በመከልከሉ፣ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው «ይሄን ነገር አስነስቼ ብነዳውስ?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ችግሩ አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከመጨረሻው መሆኑ ነው። ከጎረቤት ባትሪ ይዋስና ቁልፉን ያዞራል፤ እምቢ ካለም ሰው ሰብስቦ ያስገፋል። በዚህ አካሄድ ዘይት የራቀው ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ውስጥ ብረት ከብረት ሊፋቅ ይችላል፤ ሞተሩ ከተነሳ ደግሞ የባሰ ነገር አለ፤ መቆም የማይችል መኪና መሄድ ቻለ ማለት ነው። ሜዳው ጥቂት፣ ቁልቁለቱ ብዙ በሆነበት ከተማ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው ቅደም ተከተል ፍሬንን ከሞተር ያስቀድማል።

እጅ ከመንካቱ በፊት

መጀመሪያ የሚፈለገው መፍቻ ሳይሆን ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር መመሳሰሉን ሳያረጋግጡ ለመለዋወጫ ገንዘብ ማውጣት፣ በኋላ ስም ለማዛወርም ሆነ ዓመታዊ ምርመራ ለማለፍ የማይቻል መኪና ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ መኪናውን ያቆመውን ሰው ወይም ቤተሰቡን «ሲቆም ይሠራ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለቤቱ በሞት ቢለይም፣ ቀድሞ ይሠራለት የነበረው መካኒክ ብዙ ጊዜ ያስታውሳል፤ «ውሃ ይጨርስ ነበር» ወይም «ሦስተኛ ማርሽ ይዘል ነበር» የሚል አንድ ቃል የብዙ ቀን ፍለጋ ያድናል።

መኪናው በቆመበት ቦታ ላይ እንዳለ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በታኮ ይደገፉ። ለዓመታት የተሳበ የእጅ ፍሬን ሽቦው ዝጎ ሊሆን ስለሚችል አይታመንም። ከሥር መግባት ካስፈለገ ክሪክ የሚያነሳ እንጂ የሚሸከም መሣሪያ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ መኪናው በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ወይም በወፍራም የእንጨት ጉማጅ ላይ መቀመጥ አለበት። ለግንብ የሚሆነውን ብሎኬት ከመኪና ሥር መደርደር በየሰፈሩ የሚታይ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ክፍት በመሆኑ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል። ሻንሲው ራሱ የበሰበሰ ከሆነ ክሪኩ ሲነሳ ላሜራውን በስቶ ይገባልና፣ ክሪክ የሚያርፍበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ተጭኖ መሞከር ተገቢ ነው።

ኮፈኑ ሲከፈት አይጥ ቀድማ እንደገባች መገመት ይቻላል። የአየር ፊልትሮው ቤት በደረቅ ሣርና በጨርቅ ብጥስጣሽ ተሞልቶ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሽፋን ተልጦ መዳቡ ወጥቶ ይገኛል። የአይጥ ኩስና ሽንት በሽታ ስለሚያስተላልፍ በደረቁ መጥረግ አይገባም፤ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ አርሶ መጥረግ ይሻላል። የተላጠ ሽቦ አንድም ሳይቀር ሳይጠገን ባትሪ አይገጠምም። ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለው የውሃ መውረጃ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ ከሆነ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ወደ ውስጥ ሲገባ ኖሯልና ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን ማየት ያስፈልጋል።

ፍሬን

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የመፍላት ነጥቡ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ይህ ልዩነት በከተማ መንገድ ላይ አይታወቅም። ከደባርቅ ወጥቶ ሊማሊሞን በሚወርድ መኪና ላይ ግን፣ ደጋግሞ የተረገጠው ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላል፤ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጨመቅ ስለሚጠብ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ውሃው ከዚህ ሌላ የሲሊንደሮቹን ውስጥ ያዝጋል። ስለዚህ በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ምንም ያህል ሙሉ ቢሆን መለወጥ አለበት፤ አዲስ ዘይት የጠራና ወደ ቢጫ የሚያደላ ሲሆን፣ የቆየው የሻይ ቅጠል የተፈላበት ውሃ መስሎ፣ አንዳንዴም ጠቁሮ ይወጣል።

ዘይት መለወጥ ብቻ ግን አይበቃም፤ አራቱም ጎማዎች ወልቀው ውስጣቸው መታየት አለበት። የፍሬኑ ከበሮ በዝገት ምክንያት ከፍሬን ሸራው (ከበሮውን ከውስጥ ተጭኖ ከሚያቆመው ክፍል) ጋር ተጣብቆ አልወልቅ ካለ፣ የእጅ ፍሬኑ መለቀቁንና የሸራው ማስተካከያ መላላቱን አረጋግጦ፣ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ይገባል። በብረት መዶሻ ጠርዙን መምታት ከበሮውን ይሰነጥቀዋል። ሲከፈት የሚወጣው ጥቁር ብናኝ በቆዩ መኪኖች ላይ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ አስቤስቶስ ሳንባን የሚጎዳ ነገር በመሆኑ በኮምፕሬሰር መንፋት ፈጽሞ አይገባም። በውሃ አርሶ በጨርቅ መጥረግና ጨርቁን መጣል ነው።

በከበሮው ውስጥ ያለችው፣ ሸራውን የምትገፋው ትንሿ ሲሊንደር ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጣት ይገባል። በሁለቱ ጫፎቿ ያሉት የጎማ ሽፋኖች በጣት ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ሲገለጡ፣ ከውስጥ እርጥበት ከታየ ጎማዋ ዘይት ማሳለፍ ጀምራለች፤ ደረቅ ሆና ቡናማ ዱቄት የመሰለ ዝገት ከታየ ደግሞ ፒስቶኗ ተጣብቃለች። ሁለቱም ቢሆኑ የሚያዛልቀው መፍትሔ ሲሊንደሯን መቀየር ነው። ውስጧን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ጎማ ብቻ ለውጦ መመለስ በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም፣ ዝገት የበላው ጉድጓድ አዲሱን ጎማ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሚቆርጠው ቁጠባው ቁጠባ አይደለም። በ1960ዎቹ የአውሮፓውያን ዘመን የተሠሩ ብዙ መኪኖች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በአንዱ ጎማ ላይ የሚፈጠር ፍሳሽ አራቱንም ጎማ ያለ ፍሬን ያስቀራል።

ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት የላስቲክ ቱቦዎች በእጅ ሲታጠፉ ከተሰነጣጠቁ ይለወጣሉ። ከውጭ ደኅና መስለው ውስጣቸው ያበጠም አሉ፤ እነዚህ ዘይቱን ወደ ጎማው ያሳልፉና ሲመለስ ይዘጋሉ፤ በዚህም የተነሳ ፔዳሉ ተለቆ እያለ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። ዕድሜያቸው የማይታወቅ ከሆነ ሁሉንም መለወጥ ይመረጣል።

አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በብዙ መኪኖች ላይ ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው ዋናው የፍሬን ሲሊንደር) ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። ከውስጥ ያለው ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይረግጥና «ይዣለሁ» ይላል፤ ከሥር ያለው የማስተንፈሻዋን ብሎን ሲከፍት ዘይቱ ከነአረፋው በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል፤ ብሎኗን ዘግቶ «ልቀቅ» እስኪል ድረስ ግን የረገጠው ሰው እግሩን ማንሳት የለበትም፤ ካነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወርድ ድረስ ይህ ይደጋገማል፤ በመካከሉ በዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት እንዳያልቅ ማየት ያስፈልጋል። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ በላሜራው ላይ የተንጠባጠበ ካለ ወዲያው በውሃ ይታጠብ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ፔዳሉን በኃይል ረግጦ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መያዝ ነው። ጠንክሮ ከቆመ መልካም ነው፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ወይም ማስተር ሲሊንደሩ በውስጡ እያሳለፈ ነውና ወደ ቀጣዩ ሥራ አይታለፍም።

ጎማን በተመለከተ ጥርሱ መኖሩ ብቻ አያታልል። በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ የሚገኙት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ ለምሳሌ 3512 ማለት በአውሮፓውያኑ 2012 በ35ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተሠራ ነው። አሃዞቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ ጎማው ከአውሮፓውያኑ 2000 በፊት የተሠራ ነውና ምንም ቢያምር ለጉዞ አይሆንም። ከ10 ዓመት ያለፈውን ጎማ፣ ጎሚስታው «ገና ነው» ቢልም፣ መለወጥ ይገባል።

ነዳጅ

ቤንዚን ታሽጎ እንኳ በወራት ውስጥ ይበላሻል፤ ለዓመታት ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ተንኖ፣ የቀረው እንደ ቫርኒሽ የሚሸትና የሚያጣብቅ ይሆናል። ይህን ካርቡራቶር (ነዳጅን ከአየር የሚያቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ማስገባት ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ታንኩ ሙሉ በሙሉ ይቀዳ። በአፍ ስቦ መቅዳት በየቦታው ይደረጋል፤ ነገር ግን ወደ ሳንባ የገባ ትንሽ ቤንዚን እንኳ ሰው ሊገድል ይችላልና በእጅ ፓምፕ ወይም ከሥር ባለው ብሎን በኩል መቅዳት ነው። ሥራው በግቢ ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ፣ የቡናው ከሰል ከየት እንደሚቀጣጠል አስቀድሞ ማየትና የቤቱን እመቤት ለዚያ ቀን ምድጃውን ራቅ እንዲያደርጉልን መጠየቅ ይገባል። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ እሳት ያለበት ድረስ ይሄዳል።

የተቀዳው ቤንዚንም ሆነ የተለወጠው ዘይት በቦይ ውስጥ አይደፋም። የከተማው ጎርፍ መውረጃ የቀሃና የአንገረብ ወንዞች ናቸው፤ አንገረብ ላይ ያለው ግድብ ደግሞ የጎንደር ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ነው። በጄሪካን አሽጎ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ማስረከብ ይሻላል።

የታንኩ ውስጥ በባትሪ መብራት ሲታይ ዝገት ካለበት ወልቆ መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ አዲስ የተገጠመ ፊልትሮ ሁሉ ይደፈናል። ከታንኩ እስከ ካርቡራቶር ያለው የላስቲክ ቱቦ በሙሉ ይለወጥ፤ በተለይ በቮልስ ላይ ሞተሩ ከኋላ ተዘግቶ ስለሚቀመጥ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ የሚያንጠባጥበው ቤንዚን ከጋለ ብረት ጋር ሲገናኝ መኪናው በሙሉ ይቃጠላል። ካርቡራቶሩ ሲፈታ ቀጫጭኖቹ የነዳጅ ቀዳዳዎች በአየር ይነፉ እንጂ በሽቦ አይጎርጎሩ፤ በሽቦ የሰፋ ቀዳዳ ከልክ በላይ ነዳጅ ያፈሳል። በጎንደር ይህ ይበልጥ ይታወቃል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ጥቁር ጭስ ያስወጣል፤ ካንዴላውንም (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ጥላሸት ያለብሳል። አዲሱ ነዳጅ ከማደያ የተቀዳ ቢሆን ይመረጣል፤ በመንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጠው ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ላለመቀላቀሉ ዋስትና የለውም።

የናፍታ መኪና ከሆነ ታንኩ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ማስወጣት፣ ፊልትሮ መለወጥና በእጅ ፓምፑ አየሩን ማስወጣት ዋናው ሥራ ነው። የናፍታ ፓምፕ ራሱ የተጣበቀ ከሆነ ለባለሙያ ይተው።

ሞተሩን በእጅ ማዞር

ካንዴላዎቹ ይፈቱና በየሲሊንደሩ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያልበለጠ ስስ የሞተር ዘይት ይጨመር፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። አሮጌው ዘይት ከነፊልትሮው ይለወጥ፤ ቮልስ ፊልትሮ ሳይሆን ወንፊት ስላለው ወንፊቱ ይታጠብ። ከዚያ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ በክራንክሻፍቱ ፑሊ ላይ ባለው ትልቅ ብሎን ላይ ረጅም መፍቻ ገጥሞ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብሎ መሞከር ነው። ከዞረ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር፤ ካልዞረ ክንድ መጨመር ሳይሆን ዘይት ጨምሮ ቀናት መጠበቅ ያስፈልጋል። በጉልበት የዞረ ሞተር የፒስቶን ቀለበቱን ሰብሮ ይዞራል።

ከዚህ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ሞተሩ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በቼይን ነው ወይስ በታይሚንግ ቤልት? ፔጆ 404 እና የቤንዚን 504 ቼይን አላቸው፤ ቮልስ በጥርስ ይሠራል፤ ፊያት 128 ግን የላስቲክ ቤልት አለው። ለዓመታት በአንድ ቦታ ታጥፎ የኖረ ቤልት ሳይለወጥ ሞተር አይነሳም።

ባትሪው ተሞልቶ ከአንድ ሌሊት በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካላሳየ ማስነሻ እንጂ መንጃ አይሆንም። ሲፈታ ኔጌቲቩ በመጀመሪያ፣ ሲገጠም በመጨረሻ ነው። ፑንቲናው (የካንዴላውን ብልጭታ ለመፍጠር የሚከፈትና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ መገናኛ) በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረግ፤ ክፍተቱም በቮልስ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ራዲያተር ያለው መኪና ከሆነ ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ኩላንት ይሞላ። በጎንደር ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ሞተሮች ከሚሠሩበት ሙቀት ብዙም አይርቅም። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ስለሆነ፣ የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ከሆነ ራዲያተሩ ምንም ያህል ቢጸዳ መኪናው የጎሃን ዳገት ሳይጨርስ ይፈላል። አዲስ ክዳን መግዛት ከቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ካለው ማሸጊያ) ይረክሳል።

ማስነሳት

ካንዴላዎቹ ገና ወልቀው እያለ፣ ወደ ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት ወደሚያመነጨው ጥቅል) የሚገባው ሽቦ ተነቅሎ፣ በሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) ብቻ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ እየቆራረጡ ማዞር የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይቀጥላል። በየመካከሉ ለሞተሪኖው አንድ ደቂቃ ያህል ዕረፍት ይሰጠው። የዘይት ግፊት መኖሩ ከታወቀ በኋላ ብቻ ካንዴላው ይገጠም፤ ሽቦውም ይመለስ።

መኪናው ደጅ ይሁን። የጭስ ማውጫው ጋዝ ልክ እንደ ከሰል ጭስ ሽታ ሳያሰማ የሚገድል በመሆኑ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አይነሳም። የእሳት ማጥፊያ የያዘ አንድ ሰው በቅርብ ይቁም፤ ማጥፊያው ከሌለ ቢያንስ ደረቅ አሸዋ በባልዲ ይዘጋጅ፤ በሚነድ ቤንዚን ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ያስፋፋዋል። ሞተሩ ሲነሳ የዘይቱ መብራት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። በመጀመሪያ የሚታየው ሰማያዊ ጭስ የተጨመረው ዘይት የሚቃጠልበት ነውና አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠር። ለ20 ደቂቃ ያህል ሲሠራ ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር መኖሩን፣ የራዲያተሩ ቱቦዎች መሞቃቸውንና ዲናሞው መሙላቱን መከታተል ነው፤ በ12 ቮልት መኪና ላይ ሞተሩ ከፍ ሲል ባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ ይለካል።

ፍሪሲዮኑ ከቆይታ ብዛት ተጣብቆ ፔዳሉ ቢረገጥም ማርሽ አልገባ ሊል ይችላል። ማርሽ አስገብቶ በሞተሪኖ ማስነሳትን የሚመክሩ አሉ፤ ግቢው አጥር፣ ልጆችና ዶሮዎች ያሉበት ከሆነ ግን ይህን ምክር አለመስማት ይሻላል።

የመጀመሪያው ጉዞ

የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገዙ ወደ ሕዝብ መንገድ መውጣት በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስጠይቃል፤ ቦሎውም ጊዜው ያለፈበት ነውና ሁለቱም ከመውጣት በፊት ይታሰብባቸው። ፍሬቻ፣ ስቶፕ መብራት፣ ክላክስና የዝናብ መጥረጊያ በዚያው ይታዩ።

የመጀመሪያው ሙከራ በግቢ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ጥቂት ሜትር ሄዶ መቆም ብቻ ነው፤ ወደፊትም ወደኋላም። ቀጥሎ ሜዳ በሆነ መንገድ፣ ሰውና ባጃጅ በማይበዛበት ማለዳ ላይ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ደጋግሞ ፍሬን መሞከር ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወርደው መንገድ ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ ሲሄዱ ቀላል የመሰለው ቁልቁለት ፍሬኑ ባልተፈተነ መኪና ላይ መመለሻ የለውም። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቆሞ እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ሳይነኩ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ ካለ የዚያ ጎማ ፍሬን አልለቀቀም፤ ወይም ኩሽኔታው ግራሶ ጨርሷል። የጎማዎቹ ዳዶዎችም በዚህ ጊዜ ደግመው ይጠበቁ።

ከቤት የማይርቁ አጫጭር ጉዞዎች ለሳምንታት ከተደረጉና የፍሬን ዘይቱ መጠን ሳይጎድል ከቆየ በኋላ፣ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሞላ የሞተሩ ዘይት እንደገና ይለወጥ፤ ለዓመታት ከሥር የረጋው ዝቃጭ የሚፈታው በእነዚህ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነውና አዲስ የነበረው ዘይት ጠቁሮ ይወጣል። የነዳጅ ፊልትሮውም አብሮ ይታይ፤ ዝገት ከያዘ ታንኩ ገና አልጸዳም ማለት ነው። ወደ መተማ ቆላ መውረድም ሆነ ሊማሊሞን መሻገር ከዚህ ዘይት ለውጥ በኋላ ይሁን።